የአክስቴ ባል ኮምፒውተር ያጸዳ ዕለት

ፋሲሎ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እያጓራ ተነሣ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

የገጠራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ስለማያልፍ፣ ሰባተኛን ከተማ፣ ግሽ አባይ ሰፈር አክስቴ ቤት ሆኜ እማር ነበር። ባሏ ዳንቴል የሚያለብሰው ኮምፒውተር ነበረው። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ ፓስወርዱንም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ «ሞልቷል፣ ላጽዳው» ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ያልጻፍሁት ነገር እዚህ ምን ይሠራል?» እያለ የማያውቀውን ፋይል ሁሉ እንደ አረም ነቀለው። ኮምፒውተሩ ጠፋና አልነሣም አለ።

«ይቺ ልጅ ነክታው ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ዓይናፋሯ አቀረቀርሁ።

በማግስቱ የመጣችው ጠጋኝ ሲዲ አስገባች፤ ኮምፒውተሩም እያጓራ ተነሣ።

«ጋሼ፣ የጠፋው ሲስተሙ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ነው ያጠፋው» አለችው።

ሲስተም ምን እንደሆነ አልገባኝም። ያጠፋሁት እኔ አለመሆኔን መናገሯ ግን ገባኝ፤ እሱም ገብቶታል። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ዳንቴሉን ታጥፋለች። ሰኞ ጠዋት በመራዊ አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ገጠር መለሰኝ። ተሳሳትሁ ከማለት ልጅ ማባረር ቀለለው። ትምህርቴም እዚያው ቀረ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቀደም መንገድ ላይ አገኘኝና «ጎበዝ ነበርሽ እኮ፤ ምነው ትምህርቱን ተውሽው?» አለኝ። እንደ ልማዴ አቀረቀርሁ። መልሱ የመጣልኝ ዛሬ፣ እዚህ ወረፋ ላይ ነው፦

«ኮምፒውተርዎ ግን ደኅና ነው፣ ጋሼ?»