ወንድሜ የነከሰው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ከሽርሽር ሲመለሱ ቤቱን በጭቃ ጫማ ሞሉት። አባታቸው በመኪና ወደ ጮቄ ተራራ ወስዷቸው ፏፏቴ አይተው፣ ፈረስ ተቀምጠው፣ ፎቶ ተነስተው ነው የመጡት። ትንሿ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅና አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር። ያለ መነጽሬ ምን ሊታየኝ! «አያቴ፣ በአንቺ ጊዜ ሽርሽር ነበር?» አለችኝ። «እንዴታ! እኛስ ልጆች አልነበርንም እንዴ?» ብላት እናቷ ከት ብላ ሳቀች። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ምን ሽርሽር አለ ማለቷ ነው።

ነበር እንጂ። ሽርሽር አንለውም እንጂ የኛም ሽርሽር ጠበል ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ውሃው ሁሉ ይባረካል ይባላልና ትልቅ ትንሹ ወደ ወንዝና ወደ ጠበል ይወርዳል። ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቤት ተከርችመን ከርመን መውጫችን ነው። ጭጋጉ ገና ከሜዳው ሳይነሳ መንገድ መጀመር፣ ጭቃው በጣቶቻችን መሐል ሲወጣ መሳቅ፣ ከጠበሉ ወጥቶ እየተንቀጠቀጡ ትኩስ ድንች በአዋዜ መብላት! ሆዳችን ባዶ ካልሆነ ጠበል ስለማንገባ ያ ድንች እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ዛሬ ልጆቹ መኪና ውስጥ ብስኩት ሲበሉ ሄደው ብስኩት ሲበሉ ይመለሳሉ። ይሁን፣ ምን ቸገረኝ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ክረምት አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ከገባ ዓመት አልፎታል። ለሰው የምንለው ግን «ለንግድ ወጥቶ በዚያው ቀረ» ነው። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል አባታችን ሲወጣ ጡት አልጣለም፤ ከፊት ሁለት ጥርስ ብቻ ነበረው። አሁን ግን ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ አባት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ወንድ በቤታችን ስላልነበረ ወንድ ሲያይ ይፈራል።

ያን ዓመት ጳጉሜን ሲቃረብ እናቴ ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ዘንድ ሄደች። ገረመኝ፤ ምክንያቱም ከተኳረፉ ቆይተዋል። የእትዬ አንጓች ወንድም ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ነው፤ እናቴ ደግሞ የባንዳ ዘር ሰላም አልልም ብላ ፊቷን ስታዞር ነው የከረመችው። ነገር ግን ከከተማው ለመውጣት ኬላው ላይ ይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ይለፍ ደግሞ በቀላሉ የሚያገኙት እሳቸው ናቸው። «የልጁ እከክ አልለቅ ብሎኛልና ጠበል ላስገባው፤ አብረን ብንሄድስ?» አለቻቸው። እትዬ አንጓች ከላይ እስከ ታች አዩአትና «እሺ፣ እኔም ወገቤን አሞኛል» አሉ። እውነት ለመናገር ይበልጣል እከክ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

በሩፋኤል ዕለት ጎህ ሲቀድ ወጣን። እትዬ አንጓች በቅሏቸው ላይ፣ ይበልጣል ከፊታቸው፣ እናቴና እኔ በእግር ሆነን ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ኬላው ላይ ወረቀቱን አይተው አሳለፉን። ገብሱ አሽቷል፣ አደይ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ደስታዬን አልችለው አልኩ። እየዘለልኩ ስሄድ ሁለት ጊዜ ወድቄ ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ፣ እናቴ ግን አልተቆጣችኝም። በዚህ ጊዜ ነበር አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር የነበረብኝ።

ጠበሉ አጠገብ ስንደርስ እግራችንን እንታጠብ ብላ ወደ ጅረቱ ወሰደችኝ። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን እያሸች፣ ቀና ሳትል፣ «ስሚ ልጄ» አለችኝ። «ዛሬ አባትሽን ታያለሽ። ልጆቹን ሳላይ ዓመቱ አይለወጥብኝ ብሎ ልኮብኛል። እንዳታውቂው። አባባ ብለሽ የጠራሽው እንደሆነ ይገሉታል፤ ገባሽ?»

ገብቶኛል አልኩ።

የጠበሉ ደንብ እንዲህ ነው። ውሃው ከገደል አፋፍ ተወርውሮ ስለሚወርድ ለሕፃን ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ጎበዝ ሰው ሥሩ ይቆምና ልጆችን እየታቀፈ ሦስት ጊዜ ያስገባል። የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዚያን ቀን የቆመው ሰው ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ከሲታ ሰው ነው። እኔ የማውቀው አባቴ ጎፈሬው ትከሻውን የሚነካ ነበር። እሱ እንደሆነ ያወቅኩት ልጆቹን ሲቀበል አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ሲያደርግ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ትልቅ ልጅ ነሽ ራስሽ ግቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አላለኝም። አቅፎኝ ከውሃው ሥር ገባ። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣ «በይ አሁን ጥሪኝ፤ እዚህ ማንም አይሰማም» አለኝ።

«አባባ!» አልኩ። ውሃው አፌን ሞላው። ወጣንና ደግሞ ገባን። «አባባ!» በሦስተኛው የጮህኩት ጩኸት ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሰማል ብዬ ነበር። «አድገሽብኛል፣ የኔ እመቤት» አለኝና አወጣኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ፤ ከጠበል የሚወጣ ልጅ ሁሉ ያለቅሳልና ማንም ልብ አላለኝም።

ቀጥሎ እናቴ ይበልጣልን አቀበለችው። እሱ ሰውየውን ሲያይ ገና ከሩቁ ነው የጮኸው። አባቴ ግን አጥብቆ ያዘው። ውሃው ሥር ሳይገቡ ፊቱን አየው፣ ደግሞ አየው፤ ማየት ሲያበዛ ሰው መታዘብ ጀመረ። በዚህ መሐል ይበልጣል አጎንብሶ ከአውራ ጣቱ በታች እጁን ነከሰው! ሲነክስ ደግሞ መልቀቅ የለም። አባቴ ሳቀ። «ኧረ ጥርሱ ሁሉ በቅሏል!» አለ ጮክ ብሎ።

ምነው ባላለ! ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሕዝቡን ይጠብቁ ከነበሩት ባንዶች ሁለቱ ተነስተው መጡ። «አንተ፣ ልጁን ምን አድርገኸው ነው? ጥርሱስ መቼ እንደበቀለ አንተ በምን አወቅህ? የየት አገር ሰው ነህ?» አለው አንደኛው። አባቴ ልጁን ወደ ደረቱ አስጠጋው። እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ደርቃ ቀረች። እኔ ደግሞ ከቆምኩበት ሮጬ እግሩ ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝ።

«የአክስቴ ልጅ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እትዬ አንጓች ናቸው፣ ጸጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ። «ከአምበር ነው የመጣው። ይኸ ከናንተ ጋር ምን አገናኘው? የገዛ ዘመዴ ልጅ ቢያቅፍ ወንጀል ነው? ወንድሜን ልጥራላችሁ እንዴ?» የወንድማቸው ስም ሲነሳ ሰዎቹ «ኧረ እሜቴ፣ አላወቅንም» ብለው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። እሳቸውም ይበልጣልን ከአባቴ እጅ ተቀብለው፣ «በል ቶሎ ልበስ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። አክስቴን ደኅና ነን በልልኝ» አሉት። አባቴ እጅ ነሳ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ ሄደ። ዞር ብሎ አላየንም። ያን ጊዜ ተቀይሜው ነበር፤ ልጅ አይደለሁ!

ወዲያው የመልስ መንገድ ጀመርን። ድንቹን እንኳ ያስታወሰው የለም። አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ እናቴ በቅሎዋን አስቁማ የእትዬ አንጓችን እግር ልትስም ተደፋች። «ተነሽ እባክሽ፣ ጭቃ ነው» አሉ እትዬ አንጓች። «አምስት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን፣ ጎፈሬ ስለተላጨ ሰውዬሽን የማላውቀው መስሎሽ ነው? አብረን እንሂድ ብለሽ ስትለምኚኝ ነው የገባኝ፤ ያለ አንዳች ነገር አንቺ እኔን እንደማትለምኚ አጣሁት?» እናቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞት እህትማማች ሆኑ።

አባቴ ጥር ሳይገባ ሞተ። የት እንደተቀበረም በትክክል አናውቅም። እናቴ ለቅሶዋን ውጣ እኔን ጓዳ አስገባችኝና፣ «የጠበሉን ነገር ለይበልጣል አንድ ቀን እንዳትነግሪው። አባቴን በጥርሴ አባረርኩት ይላል፤ ዕድሜ ልኩን ያብሰለስለዋል» አለችኝ። ማልኩላት። እሷ ከሞተችም በኋላ ጠበቅኩት። ይበልጣል አደገ፣ ወለደ፣ አያት ሆነ። ሰርግ ላይ መጠጥ ቀመስ ሲያደርግ «እኔ እኮ አባቴን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም» ይላል፤ እኔ ያን ጊዜ ወጥ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ።

እሑድ እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። ትንሿ ልጅ ስልኳን ይዛ የፏፏቴውን ፎቶ ለሱም ታሳየው ጀመር። እሱ ደግሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «የት ነው ይሄ? እንዴት ያምራል!» ይላል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እኔም ሰማንያን አልፌያለሁ፣ ነገ ልሂድ ዛሬ አላውቅም፤ ልጅቷን አስወጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እማዬን በልቤ ይቅር በይኝ እያልኩ ነው የነገርኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ያለቅሳል ብዬም ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና፣ «የት ላይ ነከስኩት፣ እታለም?» አለኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እናቴም እኔም አንድ ክፉ ነገር የደበቅንለት ነበር የሚመስለን። ይህን ሁሉ ዘመን ሲርበው የኖረውን ነገር ኖሯል ጓዳ ቆልፈን የያዝንበት። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

«አቅፎኝ ነበር በይኛ» አለ በመጨረሻ።

«አቅፎህ ነበር። ስትነክሰውም አለቀቀህም» አልኩት።