ሳቂው የቆርቆሮ ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ መደባችን ሥር አንዲት የእንጨት ሣጥን ነበረች፤ ከውስጧ አንድም የሚጠቅም ዕቃ አይገኝም። መስተዋት የሌለው መነጽር፣ መክፈቻው የጠፋ ጓጉንቸር፣ አንድ ቆጣሪ ብቻ የቀረው ሰዓት፣ እሳት ሰጥቶ የማያውቅ የሲጋራ መለኮሻ። ሣጥኗ የአባቴ ታላቅ ወንድም የጋሼ ይማም ነበረች። ጋሼ ይማም በጉልምስናው ከደሴ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበረ፤ ጓደኞቹ ጨርቅና ሳሙና ሸምተው ሲመለሱ እሱ ይህን ሰብስቦ መጣ።

እናቴ ቤት ስትጠርግ ሣጥኗን በእግሯ ገፋ እያደረገች፣ «ጋሼ፣ ይህን ለሌባ ቢሰጡት ይመልስልዎታል» ትለው ነበር። ትበል እንጂ፣ ሰው የለም ስትል መነጽሩን አድርጋ በገበቴ ውኃ ላይ መልኳን ስታይ አግኝቻታለሁ። አባቴም ከእርሻ ሲገባ ጭቃውን ከእግሩ ሳያራግፍ መለኮሻውን ያነሳና ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። እንደማይበራ ያውቃል። ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ ይመልሰዋል። አሁን የልጅ ልጄ ከመካነ ሰላም ገበያ ሲነኩት የሚዘፍን የፕላስቲክ ዶሮ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። ምን ያደርግልሃል ስለው፣ ምንም ይለኛል። አልጣልኩበትም።

ከሁሉም የምንወደው የቆርቆሮውን ሰውዬ ነበር። ስንዝር የማይሞላ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ ሰውዬ ነው። ጀርባው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጠምዝዘው ባርኔጣውን ጫን ካሉት ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይዘላል፣ ከውስጡም ኪ ኪ ኪ ኪ የሚል ሳቅ ይወጣል። ሌላ ሥራ የለውም። አይራመድ፣ አይዞር። ይስቃል፣ ያበቃል።

ተረቱ የሚጀመረው መግሪብ ተሰግዶ ኩራዙ ሲበራ ነው። አገራችን ደጋ ስለሆነ እንጨት አይገኝም፤ የምናነደው ኩበት ነው፣ የኩበት ጭስ ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ድመት መሬት ለመሬት ሄዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔና እህቴ ዘሀራ አንድ ባና ለሁለት ተከናንበን ፍሙ ዳር እንቀመጣለን። ጋሼ ይማም ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ይሰጣል። ሁልጊዜ ፊቱ ወደ በሩ ነው። ቀንም ከቤት አይወጣም፤ ብርድ አይስማማውም ትለን ነበር እናቴ። ያኔ የሚሉንን እናምናለን።

ተረቱ ሁሉ ደም ነበር። ከሁሉ ያልወጣልኝ የጆሮ ቆራጩ ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል አፍ ላይ አንድ ሽፍታ ተቀምጦ ነበር አለን። ከመንገደኛ ገንዘብ አይፈልግም፤ አንድ ጆሮ ይቆርጥና ይለቀዋል። ጆሮዎቹን በጅማት ሰክቶ አንገቱ ላይ ያስራቸዋል። ከቀን ብዛት ጆሮዎቹ መስማት ጀመሩ። እያንዳንዱ ጆሮ የጌታውን ቤት ይሰማል፤ እዚያ የሚያለቅሰውን፣ የሚረግመውን፣ በህልሙ የሚጮኸውን ሁሉ። ሽፍታው እንቅልፍ አጣ። ጅማቱን በጥሶ ገደል ወረወረው፤ መስማቱ አልቀረለትም። በመጨረሻ ካራውን አነሳና የራሱን ሁለት ጆሮ ቆረጠ።

«አሁንስ ተወው?» ትላለች ዘሀራ።

«ምኑ ይተወዋል» ይላል ጋሼ ይማም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደሙ በሁለት ጉንጩ እየወረደ እንኳ ይሰማል።»

ከዚያ ሽፍታው ከገደሉ ሲንከባለል፣ አጥንቱ ሲደቅ፣ አሞራ ዓይኑን ሲያወጣ አንድ በአንድ ይነግረናል። የቆርቆሮውን ሰውዬ ፍሙ ዳር ያቆመዋል። ባርኔጣውን ይጫነዋል። ኪ ኪ ኪ ኪ። እኛም አብረን እንስቃለን። ተረቱ ማለቁን የምናውቀው በዚያ ነው፤ ክፉው ሰው ሲሞት እሱ ይስቃል።

አዝመራ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ሸህ እንድሪስና የቤተ ክርስቲያኑ መምሬ ቤታችን መጡ። በአገራችን ደም የሚያደርቁ፣ ገዳይን ከሟች ወገን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች እነሱ ነበሩ። ከአባቴ ጋር ደጅ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ ሰማሁ። ጋሼ ይማም ሰው ገድሏል። እኔ ገና ጡት ስጠባ፣ በሣር መሬት ድንበር ተጣልቶ፣ አራጋው የሚባለውን የወንዝ ማዶ ሰው በሽመል ጆሮ ግንዱን መታው፤ አራጋው በሦስተኛው ቀን ሞተ። መንግሥት አስሮ ለቆታል። እስር ግን ደም አያደርቅም። የአራጋው ወንድም ሙሄ፣ ይማምን ባገኘሁበት እጥለዋለሁ ብሎ ምሏል። የብርዱ ነገር ይህ ነበር።

ያን ማታ ተረት አልጠየቅሁትም።

ሸህ እንድሪስ ለአባቴ የነገሩት እንዲህ ነው። «ይማም ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ፣ እጁ በገመድ ታስሮ፣ የአራጋው እናት እግር ሥር ይወድቃል። እሳቸው ይቅር ብያለሁ እስኪሉ ከእናንተ ወገን የሚተነፍስ እንዳይኖር። ጥርስ የሚያሳይ እንዳይኖር፣ ሁሴን። ልጆቹንም አስጠንቅቃቸው።» አባቴ እኔን ያስጠነቀቀኝ ገና ምንም ሳላደርግ በጥፊ ነው። ከሟች እናት ፊት መሳቅ በአገራችን ሟቹን እንደገና እንደ መግደል ይቆጠራል፤ በዚያ የተነሳ ከእርቅ ሜዳ ሬሳ የተነሳበት ጊዜ አለ።

ደሙ ከደረቀ ወዲያ ገዳይ ለሟች ልጅ አባት ይሆናል። አራጋው ሲሞት በሚስቱ ሆድ የቀረች ፋጤ የምትባል ልጅ ነበረችው። አባቴ ጠቦት አዘጋጀ። ጋሼ ይማም ጠቦቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «ይህ ለቤቱ ነው። ለልጅቷስ?» አለ።

«ልጅቷ ጠቦት ትጠላለች ያለህ ማነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ጋሼ ይማም። «ልጅ ግን አውቃለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ከእስር ወዲህ ከልጅ በቀር ያወራው ሰው አልነበረም። እኛን የሚያስደስተን ሁሉን የሚያስደስት መሰለው። የእርቁ ዕለት ጠዋት ማንም ሳያይ ጠራኝና፣ «ሰውዬውን አምጣልኝ» አለኝ። ከሣጥኗ አወጣሁት። ደህና ሁን የምለው መስሎኝ፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩትና ሰጠሁት። ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ ከተተው። እጁን በገመድ ያሰሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሜዳው ከወንዙ ዳር ነበር። በዚህ ወገን እኛ፣ በዚያ ወገን እነሱ። ዱላና ጩቤ ሁሉ በሽማግሌዎች ትእዛዝ ወይራው ሥር ተቆልሏል። የአራጋው እናት እትዬ ዘይነብ ጥቁር ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሄ ከኋላቸው ቆሟል። ፋጤ የአያቷን ቀሚስ ይዛ አውራ ጣቷን ትጠባለች። ጋሼ ይማም ድንጋዩን ተሸክሞ፣ በባዶ እግሩ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ከእስር ወዲህ ፀሐይ ያላየው እግሩ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። እናቲቱ ፊት ደረሰ። በጉልበቱ ሄደ፣ ከዚያ በደረቱ ተደፋ።

ኪ ኪ ኪ ኪ።

መጀመሪያ ማንም ከየት እንደሆነ አላወቀም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ኪ ኪ ኪ ኪ። ከጋሼ ይማም ሥር ነበር። መነሳት ፈለገ፣ እጁ ታስሯል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ባርኔጣው መልሶ ይጫናል። እትዬ ዘይነብ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ሙሄ፣ «ሳቀብን» አለ። አልጮኸም። ከጋሼ ይማም አንገት የተንከባለለውን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳና ቀና ባለው ፊቱ ላይ አወረደው።

አጥንት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ከዚያ በፊት የማውቀው በተረት ነበር። በተረቱ ትልቅ ድምፅ ነው። በሜዳው ላይ ግን ሰው ቆሎ እንደሚቆረጥም ያለ ትንሽ ድምፅ ነበር። ሙሄ ድንጋዩን ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ አወረደው። ጥርስ ከሣሩ ላይ ተበተነ። የኛ ሰዎች ወደ ወይራው ሮጡ፣ የነሱም ሮጡ። የአጎቴ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ክርኑ ወደ ኋላ ሲዞር አየሁ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ጺማቸው በደም ቀልቶ መሬት ለመሬት ይዳክራሉ። አባቴ፣ ከዚያች ጥፊ በቀር እንስሳ እንኳ ሲመታ አይቼው የማላውቀው አባቴ፣ ሙሄን ጉሮሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከመሬት ጋር ያጋጨዋል። ከዚህ ሁሉ መሐል የቆርቆሮው ሰውዬ መሳቁን አላቆመም። ምክንያቱም እስከ መጨረሻው ጠምዝዤዋለሁ።

እትዬ ዘይነብ ተነሱ። መቀነታቸውን ፈትተው ወደ ጠቡ መሐል ወረወሩት። እናት የፈታችውን መቀነት የሚራመድ ወንድ በአገራችን የለም። አንዱ ከፍ ያደረገውን ዱላ እንደያዘ ደረቀ፣ ሌላው ተቀመጠ። አባቴ እጁን ከሙሄ ጉሮሮ አነሳ።

ሸህ እንድሪስ ጋሼ ይማምን ገልበጥ አድርገው፣ ከሸሚዙ ሥር ያንን ነገር አወጡት። በደም ተነክሯል፣ ትከሻው ገና ይንቀጠቀጣል። ወደ ሁለቱም ወገን ከፍ አድርገው አሳዩት።

«ይህ ምንድን ነው? ማነው የሚያውቀው?»

አባቴ ያውቃል፤ አፉ ግን አልታዘዘለትም። ጋሼ ይማም ያውቃል፤ መንጋጋው ተሰባብሯል። አፌን ስከፍት ጥርስ አሳየህ ብለው የሚገድሉኝ መሰለኝ። ቢሆንም ወጣሁ። «የፋጤ ነው» አልኩ። «ጋሼ ይማም ነው ያመጣላት፣ እንዳታለቅስ። ቁልፉን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።» በዕድሜዬ ያንን ያህል በሰው ፊት የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልተናገርኩም።

ሙሄ ከወደቀበት ሆኖ አየኝ፣ ከዚያ እጁን አየ፣ እጁን ከሣሩ ላይ ይጠርገው ጀመር። እትዬ ዘይነብ፣ «የኔ ልጅ ባንድ ዱላ ሄደ» አሉ። «ይህ ሁለት ድንጋይ ጠጣ። ከዚህ በላይ የምፈልገው የለኝም። ደረቀ በሉ።» መምሬውም ሸሁም ደረቀ አሉ። ፋጤ መጥታ ያንን ነገር ከሸሁ እጅ ወሰደችው፣ በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሽማግሌዎቹ በሙሄ ላይ የፈረዱት ይህን ነው። በእርቅ ሜዳ ድንጋይ ያነሳ እጅ፣ የተጎዳው ሰው እስኪድን እርሻውን ያርሳል፣ ማታ ማታ ያጎርሰዋል። ጋሼ ይማም ግን አልዳነም። መንጋጋው ተጣሞ ገጠመ፣ ምላሱ መናገር እንቢ አለው። ሙሄ መግሪብ ሰግዶ ይመጣል፣ ሙቁን በማንኪያ እያቀዘቀዘ ያጠጣዋል፣ የተረፈውን ከጺሙ ይጠርግለታል፣ ይሄዳል። ሁለቱም አይተያዩም። እኔና ዘሀራ ፍሙ ዳር እንቀመጣለን። ኩበቱ ሲፈነዳ ብቻ ነው የሚሰማው።

አንድ ማታ ዘሀራ መታገሥ አልቻለችም። «ጋሼ ሙሄ፣ አንተ ተረት አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«አንድም?»

ሙሄ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ የማውቀው የወንድሜን ነገር ነው» አለ፣ ወደ ጋሼ ይማም ሳያይ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። በገዳይ ቤት የሟች ስም አይነሳም። ጋሼ ይማም ግን ከመደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ለሙሄ ቦታ ለቀቀለት።

ሙሄ ተቀመጠ። አራጋው አንድ ጊዜ ከወረኢሉ ገበያ የብስክሌት ደወል ገዝቶ መጣ አለን። በአገሩ ብስክሌት የለም። ደወሉን እርፉ ላይ አሰረው፤ ሲያርስ ማጠፊያው ላይ በደረሰ ቁጥር ለበሬዎቹ ይደውልላቸዋል። ዘንድሮስ አበደ ብለው ተሳለቁበት። እሱ ግን፣ «መንገድ ልቀቁ፣ ሰው እየመጣ ነው» ይላል፣ ይደውላል። በሬዎቹ ኋላ ኋላ ደወሉን ካልሰሙ አንዞርም አሉ።

ከጋሼ ይማም ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ። ያመመው መስሎን ደነገጥን። እየሳቀ ነበር። በዚያ በተጣመመ አፍ፣ ምራቁ እየወረደ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ፊቱን በባናው ሸፈነ። ፊቱን ሲገልጥ ጋሼ ይማም ሁለት ጣቱን አነሳና ባየር ላይ አዞራቸው፤ ድገመው ማለቱ ነው።

ሙሄ ደገመው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያለኝ የሰማሁት ብቻ ነው። ከሰማሁት ደግሞ የጋሼ ይማም ድምፅ ከጆሮዬ ጠፍቷል፤ የጆሮ ቆራጩን ተረት ሳስታውስ እንኳ ቃሉን እንጂ ድምፁን አላገኘውም። አራጋውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ እንቁራሪት እንደሚፈራ፣ ማር ሲሰርቅ ንብ ነድፎት ስንት ቀን እንዳበጠ፣ በሬዎቹን ምን ብሎ እንደሚጠራ ግን አውቃለሁ። ሙሄ ዓመት ከዓመት ከበልግ እስከ በልግ ነገረን። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሳይሻገር ሲቀር፣ ጋሼ ይማም ሙቁን እንቢ ይላል፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል፣ እንደ ድሮው። በዚህ ጊዜ የሚጠብቀው ግን ሙሄ እንዲመጣለት ነበር።