አከራዬና አረንጓዴው ፍሬ

አዲስ ቅዳም ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የተከራየሁት ክፍል ለከሰል ከሚተከለው ዛፍ፣ ከዲከረንስ፣ ችግኝ መደብ አጠገብ ነበር። ችግኙን የሚያፈሉት አከራዬ፣ ጋሼ የምላቸው፣ አርባን ያለፉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ልጅ ባለመውለዳቸው ከጠበል ጠበል ሲመላለሱ ኖረዋል፤ አማታቸው በመጡ ቁጥር "መካን" እያሉ ያስለቅሷቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ክፍሌ ገቡ። ለብቻቸው ባሕር ዳር ሄደው ተመርምረው ኖሯል።

"ሐኪሙ ችግሩ ከእኔ ነው ይላል። አልገባኝም፤ አስረዳኝ ቲቸር።"

አስረዳኝ ከተባልኩ አያድርስ ነው። ካርቶን ቀደድኩ፤ በአራት ቀለም አራት ደረጃ ሳልኩ። "የወንድ ዘር ህዋስ ክብ ሆኖ ይጀምራል። ጅራት አውጥቶ እስኪደርስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። የእርስዎ መንገድ ላይ ይቆማል።" በዚያ አላበቃሁም። ያልደረሰውን ህዋስ አውጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ማድረስ እየተሞከረ መሆኑን፣ በአይጥም እንደተሳካ ነገርኳቸው።

"ችግኝ ጣቢያ ነዋ!" አሉ ብድግ ብለው።

"አዎ፣ ልክ እንደዚያ!"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼን ቦርሳ አንግተው ክፍሌ በር ላይ አገኘኋቸው።

"ባሕር ዳር ልሄድ ነው፤ ዘሬን ያድርሱልኛ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ከተሳካ ምን ያስነግረኛል?"

ክው አልኩ። "ጋሼ... ለሰው ገና ነው። የትም አገር አይሠራም።"

ቦርሳውን ቀስ ብለው አወረዱ። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ካርቶን አዩት።

"ታዲያ ይሄን 'ገና ነው' ያልከውን ለምን አልሳልከውም?"

አምስተኛ ቀለም አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ የጋሼ እናት መጡ። ጋሼ እትዬን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡ። ካርቶኔን አልፈለጉትም፤ ከደጃፉ የዲከረንስ ዛፍ አንድ አረንጓዴ ፍሬ ቀጥፈው በጥፍራቸው ፈለቀቁ፤ ገና ያልደረሰውን ለስላሳ ነጭ ዘር ለእናታቸው እያሳዩ በአዊኛ ተናገሩ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አዊኛ አልሰማም። ጋሼ በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ደረት ሲቀስሩ ግን ገባኝ።

አሮጊቷ የእትዬን እጅ ጎትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለልጃቸው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የሚያለቅሱ መስሎኝ ተጠጋሁ። "እትዬ፣ ምን አሉ?"

"'ከእንግዲህ የጠበሉ ተራ ያንተ ነው' አሉት" አሉኝ፤ ከሳቃቸው የተነሳ መጨረስ እያቃታቸው።