በዓርብ ጉባኤ ከእኔ ወጣ የተባለው ጋኔን

ተሰማ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአቡ ዳቢ የአውሮፕላን ጥገና መዛግብትን ስመረምር ኖሬአለሁ፤ ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን ስህተት ፈልጎ በቀይ ቀለም ማስመር ነው። ይህን ጠባይ ወደ ወንጌላውያን ኅብረታችንም ይዤው ስለገባሁ የሥነ ሥርዓት ሽማግሌ አድርገው መረጡኝ። ምእመናን «አእምሮን ከሚያረክሱ ፊልሞች» እንዲርቁ የሚያዝዘውን የደንባችንን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ረቂቁን ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ በእያንዳንዱ እርማትም ይበልጥ ጠብቋል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን መሻገር ተከለከለ። ባለቤቴ ንግሥት በአል ዐይን ነርስ ናት፤ የምትኖረውም አል ሙዋይጂ ባለው ቤታችን ነው። ከዚያ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በስዌይሃን በኩል እየነዳሁ እሄድላት ነበር። አሁን እሷ በኮሮና ሕሙማን ክፍል ተመደበች፤ እኔ ደግሞ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ስለቆሙ የምመረምረው መዝገብ አጣሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዜና ፍለጋ የከፈትሁት ቴሌቪዥን አንድ ርካሽ የአማርኛ ፊልም አመጣልኝ። ታሪኩ ርኩስ መንፈስ ስለያዘው አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። መንፈሱ የለበሰው አንሶላ ጠርዙ ላይ የሆቴል ስም ታትሞበታል። ልዘጋው ስነሣ፣ ቀደም ሲል ግድግዳ ላይ ተፈጥፍጦ የተሰበረው ብርጭቆ ድኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ ደብተርም አመጣሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ተመሳሳይ ፊልሞችን መርምሬ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ጉድለቶችን መዘገብሁ።

የማደርገው ምርመራ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ነገር ግን ምርመራ የሚያደርግ ሰው ለውዝ አያዘጋጅም። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ፊልሞች ክፉው ነገር ድምፅ አለው፤ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ በዘጠና ደቂቃ ውስጥም ታዝዞ ይወጣል። ንግሥት በየቀኑ በምትገባበት ክፍል ያለው ግን የማንንም ትእዛዝ አይሰማም ነበር።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ በኢንተርኔት የምናደርገው ጉባኤ ማስታወቂያ ላይ ደረሰ። ማስታወቂያዎቹን ያጸደቅኋቸው እኔ ስለሆንሁ መስማት አላስፈለገኝም፤ ከጀመርሁት ፊልም ደግሞ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። በታብሌቴ ላይ ማይኩን ዘጋሁና ቴሌቪዥኑን ከፈትሁ። የዘጋሁት ግን ካሜራውን ኖሯል።

«ይህ ሰው የእኔ ነው!» ሲል መንፈሱ አገሣ።

በኅብረታችን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ከየት መጣ ተብሎ አይጣራም፤ ወዲያው ይጸለያል። መሪያችን ወንድም ከፍያለው ማስታወቂያውን አቋርጦ፣ «ከጋሽ ተሰማ ነው! በኢየሱስ ስም፣ ለምን ገባህበት?» አለ።

«ራሱ ጋበዘኝ!» አለ ቴሌቪዥኑ።

«ውጣ!» አሉ ሠላሳ ስምንት ሰዎች በአንድ ድምፅ።

ሪሞቱ ሶፋው ሥር ገብቶ ነበርና በደረቴ ተስቤ ገባሁ። ሳገኘውና ስዘጋው መንፈሱ የመጨረሻ ጩኸቱን እያሰማ ነበር። ከዚያ «ወጣ! ሃሌ ሉያ!» የሚል እልልታ ቤቴን ሞላው። ካሜራውን ስከፍት ላብ አጥምቆኛል፤ ፀጉሬም አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ቀለለዎት?» አለ ከፍያለው በርኅራኄ።

ፊልም ማየት በደንባችን ያስቀጣል። በመንፈስ መያዝ ግን ቅጣት የለውም።

«ቀለለኝ» አልሁ።

ለሚቀጥለው ዓርብ የዐሥር ደቂቃ የምስክርነት ጊዜ ተሰጠኝ። ጉባኤው እንዳበቃ፣ ከአል ዐይን ሆና ስትከታተል የነበረችው ንግሥት ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጋኔን ሲወጣ በኦርጋን ይታጀባል እንዴ?»

«ሰማሽው?»

«ከነማጀቢያው ነው የሰማሁት። ትነግራቸዋለህ አይደል?»

«እስቲ አያለሁ።»

«ማየቱንማ አየኸው!» ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ባኒያስ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቪላ የምትሠራው የኅብረታችን ልጅ ሳምራዊት ደወለችልኝ። የምትናገረው በሹክሹክታ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ነጻ መውጣት ሰምቼ በጣም ተጽናናሁ። እኔንም ይኸው አራት ቀኔ፣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ ይከለክለኛል።»

«ትኩሳትስ?»

«አለኝ። ማዳም ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ዓርብ እርስዎ ሲመሰክሩ አብሬ እጸልይና ይወጣል ብዬ ነው።»

ሕመምተኞች ትንፋሽ ካጠራቸው በኋላ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚደክሙ ንግሥት ነግራኛለች። ዓርብ እስኪደርስ ሦስት ቀን ነበር።

«ሳምራዊት፣ ከእኔ የወጣ ነገር የለም። የሰማችሁት ፊልም ነው።»

«እርስዎ? ፊልም?» አለች። «ሐኪም ቤት እንድሄድ ብለው ነው። ጋሼ ፊልም አያዩም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስገነባው የኖርሁት ስም እንዲህ ሆነና እውነቱን ስናገር የሚያምነኝ ሰው አሳጣኝ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ፊልሙን ከፍቼ ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋሁ። «ራሱ ጋበዘኝ!» አለ መንፈሱ። ሳምራዊት ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለውጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም።

«ኸላስ፣ ኸላስ! ያጥፉት ጋሼ፣ መሳቅ አልችልም!»

«ለማዳምሽ ትነግሪያታለሽ?»

«አሁኑኑ» አለች።

ስልኩን ስዘጋ፣ እንደ እሷ ምስክርነቴን የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ቢኖርስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ወዲያው ለከፍያለው ደወልሁና ሁሉንም ነገርሁት።

«ዓርብ ድረስ ብናስብበት አይሻልም ጋሼ?» አለኝ፤ ለእኔ አፍሮ ነበር።

«ዓርብ አይጠበቅም» አልሁና በኅብረቱ የስልክ ቡድን ላይ ያደረግሁትን በራሴ ድምፅ ተናገርሁ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንዲሄድም ለመንሁ። ዐሥራ አንድ ሰዎች ለብቻዬ ጻፉልኝ። ስድስቱ ወቀሱኝ፤ አምስቱ የፊልሙን ርእስ ጠየቁኝ።

ሳምራዊትን ማዳሟ በዚያው ምሽት ሐኪም ቤት አስተኛቻት። በስድስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ደወለችልኝ፤ ኦክስጅኑን ነቅለውላታል።

«ጋሼ፣ ከሽምግልና አወረዱዎት አሉ።»

«ለስድስት ወር።»

«አይ፣ በእኔ የተነሣ!»

«በራሴ የተነሣ ነው። አንቺ እንዴት ነሽ?»

«ዛሬ ማንም ሳይደግፈኝ እስከ መስኮቱ ሄድኩ» አለች።