ወደ ፀሐይ መውጫ የዞሩ ጎጆዎች

ኤርሚንዳ ናኩልፓን ግትር ናት፤ ይህን የቡዲ ሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም አትክድም። ዶሮ ፊት ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ከእናቷ የወረሰቻቸው ጭራ አልባ ዶሮዎች ሰማያዊ እንቁላል ነበር የሚጥሉት። ሰማያዊ ስል ነጣ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚታየው ሰማይ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራ፣ ዛሬም አንዱን ከጎጆ ስታነሳ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች።

ባለፈው ክረምት ፈንግል ገብቶ ጠራረጋቸው። የተረፈችው አንዲት አሮጊት ዶሮ ብቻ ናት። ግቢው ጭር ቢልባት ኤርሚንዳ ከገበያ ቀይ ዶሮዎች ከነአውራቸው ገዛች። እነሱ የሚጥሉት ያው ቡናማውን ነው። ጸደይ ሲገባ አሮጊቷ ጥቂት ሰማያዊ እንቁላል ጥላ፣ በር በሌለው የማገዶ መጠለያ ውስጥ ባለው ቅርጫቷ ታቀፈች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ከእንግዲህ አትጥልም። እነዚህ ካልተፈለፈሉ የኤርሚንዳ እናት ዶሮዎች ዘር እዚያው ያከትማል።

መከራው የመጣው ከቀዮቹ ነው። ሌላ ጎጆ ስለሌላቸው ጠዋት ጠዋት እዚያችው ቅርጫት ላይ ይረባረባሉ፤ አሮጊቷን ይገፏታል፣ ይረግጧታል፣ ጀርባዋ ላይ ወጥተው ይጥሉባታል። አንድ ቀን ሰማያዊው ቅርፊት ተሰባብሮ፣ አስኳሉ ገለባው ላይ ፈሶ ስታይ ኤርሚንዳ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዶሮዋን ወደ ሌላ ቦታ እንዳትወስዳት፣ የታቀፈች ዶሮ ካነሷት እንቁላሏን ትተዋለች። ስለዚህ መዶሻ አነሳች። ከአሮጌ የፖም ሳጥኖች ለሁሉም የሚበቃ መጣያ ጎጆ ሠርታ፣ ገለባ ጎዝጉዛ ደረደረች። አፋቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረችው። ሌላ ወዴት ሊዞር ኖሯል? በሐይቁ ዳር ሰዎች ዘንድ የቤት በር ወደዚያ ነው።

ቀዮቹ ዞር ብለውም አላዩአቸው። ባሏ ፍሎሪንዶ፣ ያ ቀልደኛ፣ ኪራይ አስወድደሽባቸው ይሆናል እያለ ሲተርባት ሰነበተ። እሷ ግን አንድ ጠዋት ግንድ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳጥኖቹ ላይ ተከለች። አንዷ ቀይ ዶሮ ገባች፣ ፊቷን አዙራ ተመቻቸች፤ ይኼኔ ፀሐይ ብቅ አለችና ዓይኗን ወጋቻት። ብድግ ብላ ወደ ማገዶው ሮጠች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ኤርሚንዳ ያኔ ገባት። ዶሮ ስትጥል መደበቅ ትፈልጋለች፣ ጨለማ ትፈልጋለች።

«ፀሐይ ወደምትገባበት፣ ወደ ባሕሩ አዙሪያቸዋ» አለ ፍሎሪንዶ።

«ወደዚያ የሚሄደው የሞተ ነው። ሕይወት የሚወጣበትን በር ወደዚያ አላዞርም።»

«የሰው ቤት አስመሰልሽው እኮ፤ ዶሮ ናት።»

«ዶሮስ ብትሆን?»

ገብታ ለበዓል የምትደርበውን ጥቁር የሱፍ ኩታዋን አወጣች። ፍሎሪንዶ እያየ በመቀስ ቆራረጠችውና በየሳጥኑ አፍ ላይ መጋረጃ አድርጋ ሰቀለችው። ኩታው ስንት በዓል አብሯት እንደዋለ ያውቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት። ሚስማር አቀበላት።

በማግስቱ አንዷ ቀይ መጣች። አንገቷን ከጨርቁ ሥር አስገባች፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገባች። ሌላዋ ተከተለች። ኤርሚንዳ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው የገለባ ኮሽታ ብቻ ነው። አሮጊቷን ከዚያ ወዲህ የነካት የለም።

ግን ዘግይታ ነበር። ከሰማያዊዎቹ ሳይረገጥ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ሄዳ ታየዋለች፤ አንስታ ለመስማት ግን ድፍረቱን አጣች። ጊዜው ሲደርስ እጇን ከአሮጊቷ ክንፍ ሥር ሰደደችና እንቁላሉን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ፍሎሪንዶን ጠራችው።

«ያዘው። እንዳትቀልድ።»

ፍሎሪንዶ ባርኔጣውን አወለቀ። እንቁላሉ ይሞቃል፤ ውስጡ የሆነ ነገር ቆርቆር ያደርጋል። ፊቱ ተለወጠ። አንድ ጊዜ ሚስቱን አየና፣ ሰው ደጅ እንደቆመ እንግዳ ጎንበስ ብሎ፣ በቀስታ፦

«ቤቶች» አለ።

«ጪው» የሚል ቀጭን ድምፅ ከውስጥ መለሰለት።