የተፋቀው ገንዳ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከነገሌ ስንወጣ ላንድሮቨሩ የያዘው ሁለት ቆርቆሮ ሬንጅ፣ አንድ በርሜል ውሃ፣ ሾፌሩን ጂሎንና እኔን ነው። የውሃ ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ። ያቤሎ የምወርደው በግንበኛው በጋሽ ተሰማ ክስ ለምስክርነት ተጠርቼ ነው። አምና የሠሩት የከብት ማጠጫ ገንዳ እንደ ዱቄት ስለረገፈ፣ ሲሚንቶ ሰርቀዋል ተብለው ታስረዋል። ሲሚንቶው ሲቦካ ግን ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ከረጢት አልጎደለም። ታዲያ ምን በላው? ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ምንም አልገባኝም።

ሬንጁን ገንዳው ላይ ልቀባው እንዳሰብኩ ስነግረው ጂሎ ሳቀብኝ።

«ላሟ ሬንጅ ከሸተታት፣ ውሃውን የምንጠጣው አንቱና እኔ ነን።»

ዋጪሌ፣ እኩለ ቀን

ቀይ አቧራ፣ ኩይሳ፣ ግራር፣ መንገዱን አልለቅ ያለ ግመል። የፍየል ጥብስ በላን፤ ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት የወታደር ሚስት ናት። ምድጃዋን የሠሩላት ጋሽ ተሰማ እንደሆኑና እስከ ዛሬ እንዳልተሰነጠቀ ነገረችኝ። ይባስ ግራ ገባኝ።

የውሃው ጉድጓድ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ገንዳዎቹ ሁለት ናቸው፤ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ እጅ የተሠሩ። የላይኛውን በመኪና ቁልፍ ብነካው ተፈረፈረ። የታችኛው ጭቃ ተለቅልቋል። ጭቃውን ፈንቅዬ ሲሚንቶውን ብወጋው ቁልፌ ተጣመመ። ሌባ ግማሹን ብቻ ይሰርቃል እንዴ?

የከብቱን የመጠጣት ተራ የሚያዙት ሽማግሌ፣ አባ ጉዮ፣ መጡ። «አካም? ናጋ?» ተባባልን። ከብቱ የሚወደውን ሃያ የሚባል ጨዋማ አፈር ውሃው ውስጥ እንደሚበጠብጡ አውቃለሁ። በየትኛው ገንዳ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በሁለቱም» አሉ። «ነጩን ገንዳ ከብት ፈራ። እንደ አባቶቻችን ገንዳ ጭቃና እበት ቀባን። አንተ መጣህ፣ ቆሻሻ ነው፣ ፋቁ አልክ። ይሄን ፋቅን። አንተ ሄድክ። ያንን ተውን።»

ትዝ አለኝ። «በንጽሕና ተይዟል» ብዬ ሪፖርት ሁሉ ጽፌያለሁ። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ተልካሻ ጭቃ ሲሚንቶን ከጨው እንዴት ያድናል ብዬ አሁንም ተከራከርኩ። ጨው መጀመሪያ ጭቃውን እንደሚበላ፣ እነሱም ሳይጨርሰው መልሰው እንደሚቀቡ ጂሎ እየተረጎመ አስረዱኝ። አፈር በአሥር ጣት ይቀባል፤ እኔ ከነገሌ ሬንጅ ጭኜ መጥቻለሁ።

ረቡዕ፣ ያቤሎ

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ጋሽ ተሰማ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ለመቶ አለቃው ሁሉን ተናገርኩ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ እሱም ግራ ገብቶታል።

«በጭቃ ነው የምትለኝ?»

«በጭቃ። ያስፋቅሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። «ምስክር» ከሚለው ፊት ልፈርም ብዕር ሳነሳ እጄን ያዘኝ። ከላይ «ተከሳሽ» ከሚለው ፊት የጋሽ ተሰማን ስም ሰረዘ።

«እዚህ ጋ ነው» አለኝ።

ፈረምኩ። ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ በሩ ሄዱ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዞር አሉና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የታችኛውን ስትፈነቅለው፣ መልሰህ ቀባኸው?»

አልቀባሁትም ነበር።