የሁለት ሰዓቱ በር

መምህር ሀብተወልድ ሐረር ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ከዚያ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ዓመት ደግሞ ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ያረፈደውን የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም አንዳንድ ትልቅ ሰው፣ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ልጆች የወለደ፣ መንገድ ላይ ድንገት ሲያገኛቸው ሳይታወቀው የሸሚዙን ጫፍ ሱሪው ውስጥ ይከታል። እሳቸው ይህን ያያሉ፤ ደስም ይላቸዋል። ክፉ አስተማሪ አልነበሩም። ተማሪ ገርፈው አያውቁም፤ ሰድበውም አያውቁም። ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ፣ የባለሥልጣን ልጅም ይሁን የሊስትሮ፣ ወላጁን ይዞ ካልመጣ አይገባም። ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ ፍትሕ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት ስኳር ተገኘባቸውና ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመዱ አዘዛቸው። ቤታቸው ከፈላና በር ወጣ ብሎ ስለሆነ የጀጎልን ግንብ መዞር ልማድ አደረጉት። ከዋፊቃ ጋር የተዋወቁትም እዚያው ግንብ ሥር ነው። ዋፊቃ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ አምሳ ዓመት የሞላት የጀጎል ልጅ ናት። እሷም ጠዋት ትራመዳለች፤ እየተራመደች ታወራለች፤ ከእሷ ጋር የሄደ ሰው መንገዱ መቼ እንዳለቀ አያውቅም።

አንድ ቀን ያሰበችውን አጫወተቻቸው። ከገጠር ቀበሌዎች ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ለዘጠነኛ ወደ ከተማ የሚመላለሱ ሴት ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ዓመቱን ሳያጋምሱ ያቆማሉ። አንድ የጀጎል ቤተሰብ ከግቢው ላይ ቁራሽ መሬት ሰጥቷልና፣ ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያድሩባቸው ሁለት ክፍሎች ከነማብሰያቸው ሊሠሩ ታስቧል። ለዚህ እርዳታ ለማሰባሰብ የእግር ጉዞ ይደረጋል። የከተማ ሩጫ ዓይነት አይደለም፤ ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ በአምስት ቅዳሜ ከፋፍለው፣ ባለፈው ቅዳሜ ካቆሙበት እየጀመሩ የሚጨርሱት ነው። ተጓዡ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ብሎኬት፣ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ የሚሰጡ ሰዎች ከየዘመዱና ከየወዳጁ ይፈልጋል።

መምህር ሀብተወልድ ሳያመነቱ ተስማሙ። የሐረርን ዙሪያ ካርታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሌዳ ላይ ይስሉ የነበሩ ሰው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው አንዱንም መንደር በእግራቸው እንዳልረገጡት ያን ቀን ነበር የታወቃቸው። ብሎኬት የሚሰጥ ሰው ማግኘት አላስቸገራቸውም። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እምቢ ሊሏቸው አልደፈሩም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቅምት ውስጥ ነበር። ሃያ ሦስት ሆነው ከፈላና በር ተነሡ። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ገና አልደረቀም፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ግራና ቀኙን ይጋርዳል። ገበሬዎቹ የጫት ማሳቸው ውስጥ ቀና ብለው፣ ባጃጅ እያለ ለምን በእግራችሁ ትደክማላችሁ እያሉ ዋፊቃን በኦሮምኛ ይጠይቋታል። እሷም ስታስረዳ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት ሴት ልጅ ያላቸው ናቸው አለች ኋላ ላይ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ድሬ ጠያራ ወረዳ ገቡ። እኩለ ቀን ላይ አንዲት መንደር ደርሰው ትልቅ ዛፍ ሥር አረፉ። የመንደሩ ሴቶች የተቀቀለ በቆሎና ሻይ በወተት አመጡላቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ብርጭቆውን ለመምህር ሀብተወልድ ሰጥታ አልሄደችም። ቆማ ስታያቸው ቆየችና በጥሩ አማርኛ፣ «ቲቸር ሀብተወልድ አይደሉም?» አለቻቸው።

ሙና ትባላለች። ተማሪያቸው ነበረች። እሳቸው አላስታወሷትም፤ እሷ ግን የአፍሪካን ካርታ ጠመኔውን ሳያነሡ እንዴት ይስሉ እንደነበር፣ ሲስቁ እንዴት አፋቸውን በመዝገብ ይሸፍኑ እንደነበር ሁሉ አልረሳችም። መምህር ሀብተወልድ ደስ አላቸው። እንደ ልማዳቸውም አስረኛ ክፍልን በምን ውጤት እንደጨረሰች ጠየቋት።

አልጨረሰችም። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ አቋርጣለች። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ያለፈ ዓመት አዝመራ የምታወራ ነበር የምትመስለው። የሚያዝያ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት በላይኛው መንገድ መዞር ነበረባት። ሦስት ቀን በተከታታይ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ወላጅ አምጪ ተባለች። የዘር ጊዜ ነበር፤ ቢሆንም አባቷ በሬዎቹን አስሮ መጣ፣ በሩ ላይ ብዙ ቆሞ ተነጋግሮ አስገባት። በሳምንቱ ደግሞ ዘነበና አረፈደች። እንደገና ወላጅ አምጪ ስትባል አባቷ ይበቃሻል አለ።

መምህር ሀብተወልድ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ከቤት ስንት ሰዓት ነበር የምትወጪው?»

«አሥራ አንድ ተኩል ግድም። የምነሣው ግን አሥር ሰዓት ነበር፤ ውሃ ቀድቼ ነው የምሄደው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ ቲቸር» አለች። «በሩ ላይ ሲቆሙ የሚያዩት ሰዓትዎን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ተነሣ። ሙና አሁን አራት ልጆች አሏት፤ የመጀመሪያዋ ናፊያ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች፤ በዚያው መንገድ ወደዚያው ትምህርት ቤት ትመላለሳለች። ተጓዦቹ ተነሥተው ሲሄዱ መምህር ሀብተወልድ ከኋላ ቀሩ። ዋፊቃ ስኳራቸው የወረደ መስሏት ከረሜላ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለጽጌ ምንም አልነገሩም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ያለምንም ጉዳይ ይነሡና በረንዳው ላይ ይቆማሉ። ሰውየው የጂኦግራፊ ሰው ናቸው። ከመንደሩ እስከ ከተማ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መሆኑን በልባቸው አስልተውታል። ያላወቁት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ምን ማለት እንደሆነ፣ በጠዋት፣ ደብተር ይዞ፣ በየቀኑ ምን ማለት እንደሆነ ነው። ሐሙስ ላይ ለሙና ስልክ ደወሉ። በሚቀጥለው እሑድ መጥተው ቢያድሩና ሰኞ ከናፊያ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ ቢሄዱ ባለቤቷ ቅር ይለው እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቷ አብዱልፈታ ስልኩን ተቀብሎ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ኢንሻአላህ እንጠብቅዎታለን አላቸው።

ለጽጌ ያን ጊዜ ነው የነገሯት። እሷም ሁሉን ሰምታ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨመረችላቸው።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሱብሒ ሶላት ተሰግዶ፣ ገና ሳይነጋጋ ወጡ። ናፊያና ሁለት የመንደሯ ልጆች ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ልጆቹ ሳይነጋ በዱላ እየመቱ ሣሩን ይፈትሻሉ፤ እባብ እንዳይኖር ነው። ደረቁን ወንዝ እንደተሻገሩ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋውን አራገፉና እንደገና አሰሩ። ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ስለ ሒሳብ ፈተና ይከራከራሉ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ዝም አሉ። መምህር ሀብተወልድም ለምን ዝም እንዳሉ ወዲያው ገባቸው፤ ትንፋሽ ለመቆጠብ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጫወቱ፣ እያረፉ ሲጓዙ ጉልበታቸው የሚችል መስሏቸው ነበር። ለመድረስ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳገቱ መካከል ላይ ቆሙ። ልጆቹም ቆሙ። ቀድመዋቸው እንዲሄዱ ነገሯቸው። ናፊያ፣ እናቷ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው አደራ ብላታለች፤ ሽማግሌ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ መሄድም አይሆንም ብላ መሬት መሬት አየች። ቢቆጧትም አልተንቀሳቀሰችም። እንደምንም ተነሥተው ቀጠሉ። ጫፉ ላይ ወጥተው ከተማው ሲታይ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀራል። ልጆቹ ሰዓት የላቸውም፤ የፀሐይዋን ከፍታ አይተው ግን ተያዩ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ዘበኛው እንደሻው የድሮ ነው፤ ሥራ ሲጀምር በሩን መቼ እንደሚዘጋ ያሳዩት ራሳቸው ናቸው። በደስታ ተነሥቶ ሰላም አላቸውና በሩን ገርበብ አድርጎ እንዲገቡ ጋበዛቸው። ልጆቹ ሊከተሏቸው ሲሉ ግን በእጁ ከለከለ።

«እርስዎ ይግቡ ጋሼ። እነሱ አርፍደዋል።»

«ያስረፈድኳቸው እኔ ነኝ።»

«ይገባኛል፣ ግን ደንቡን ያውቁታል» አለ እንደሻው፤ ማሾፉ አልነበረም። አፍሮ ነበር።

መምህር ሀብተወልድ አልገቡም። ከልጆቹ ጋር ግንቡ ሥር ቆሙ። በዚያ በር አሥራ ስድስት ዓመት ቆመዋል፤ ከውጭ በኩል ሲቆሙ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ብረቱ ከዚህኛው ወገን ዝጎ ቀለሙ እንደተላጠ አዩ። ናፊያ እንዳትጨነቅ ሊያጽናኗት ሲሉ እሷ ቀድማ፣ አይጨነቁ፣ የመጀመሪያ ጊዜያችን አይደለም አለቻቸው።

እንደሻው ገብቶ ለዳይሬክተሩ ለናስር ነግሮ ኖሮ ራሱ ወጣ። እሱም የእሳቸው ተማሪ ነበር። በአክብሮት ጨብጧቸው፣ የሆነውን ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያም ችግሩን አስረዳ። ለአንዱ በር ከተከፈተ ነገ አርባ ይመጣሉ፤ ከተማ ውስጥ ሲዞር ያረፈደውን ከገጠር ከመጣው ማን ይለየዋል። መምህር ሀብተወልድ እያንዳንዱን ቃል ያውቁታል። ለብዙ አባት፣ ምናልባትም ለሙና አባት፣ እሳቸው ራሳቸው የተናገሩት ነው።

«ይህን ደንብ ከእርስዎ ነው የተማርነው» አለ ናስር በመጨረሻ።

«ልክ ነህ፣ ከእኔ ነው» አሉት። «እኔ ግን መንገዱን ሳላውቀው ነው ያወጣሁት። ዛሬ ሄድኩበት።»

ናስር የእግራቸውን አቧራ አየ። ሦስቱን ልጆች በዕለቱ አስገባ። ስለሌላው ግን ቃል አልሰጠም፤ ከመምህራኑ ጋር እነጋገራለሁ ብቻ ነው ያለው።

ቤት ሲደርሱ ተረከዛቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። ጽጌ ካልሲውን አውልቃ፣ እግራቸውን አጥባ፣ አደረቀችላቸው። ዝቅ ብላ እንዳለች፣ «ስንቱን ልጅ መልሼ ይሆን?» አሏት። በማግስቱ ዋፊቃ መጥታ ቁስሉን ስታይ እንደ እናት ተቆጣቻቸው። የስኳር ሕመምተኛ እግር እንዲህ አይቀለድበትም ብላ የሚቀጥለውን ጉዞ ከለከለቻቸው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ውኃ በጫነችው ፒክአፕ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ልጅ ተኮራምተው ዋሉ። ብሎኬት ቃል የገቡላቸውን ሰዎች ስላፈሩ ቁስሉ ሲድን ያመለጣቸውን መንገድ ከዋፊቃ ጋር ሄደው ሞሉት።

በአምስተኛውና በመጨረሻው ቅዳሜ ሙና ከመንደሯ ሴቶች ጋር መጥታ ጉዞውን ተቀላቀለች። የተቆረጠውን ማሽላ አልፈው፣ ሰዉ ተበታትኖ ሲሄድ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። መምህር ሀብተወልድ ሊናገሩት ያሰቡት ረጅም ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ሲያሰናዱት ሰንብተዋል። ሲጀምሩት አጠረ።

«ሙና፣ ያኔ በሩን መዝጋቴ ልክ አልነበረም።»

ሙና ሻሿን አስተካከለች፤ ትንሽ ሄዱ።

«ሁሉንም በእርስዎ ላይ አልጥለውም» አለች። «አባቴም ሰበብ ይፈልግ ነበር። ግን በዚያን ጊዜ ብዙ አልቅሻለሁ፣ ቲቸር።» አክላም፣ «የነገሩኝን ሰምቻለሁ» አለች።

ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የቀረውን መንገድ ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ ናፊያ የሒሳብ ውጤት እያወሩ ጨረሱት።

ሁለቱ ክፍሎች ለሚቀጥለው መስከረም ደረሱ። የሚይዙት ግን ስምንት ልጅ ብቻ ነው፤ ናፊያ ከስምንቱ አንዷ ሆናለች። ያልደረሳቸው ዛሬም ይመላለሳሉ። ትምህርት ቤቱም ከብዙ ክርክር በኋላ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡትን በስም መዝግቦ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲገቡ ፈቅዷል። ስማቸውንና የሚመጡበትን ርቀት የመዘገቡት መምህር ሀብተወልድ ናቸው። ቢሮ ተቀምጠው አይደለም። በየመንደሩ እየሄዱ፣ ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ እያሉ ነው።